የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? ተፈጥሯዊ መብትና የመንግሥት ሥልጣን ወሰን

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። አባባሉ አንድን የሥልጣን አስተሳሰብ በአራት ቃላት ይጨርሰዋል፦ ሕጉ የንጉሡ ነው፣ ዳኛውም የንጉሡ ነው፣ ስለዚህ አቤቱታው የትም አይደርስም። የተፈጥሯዊ መብት ክርክር የሚጀምረው ይህን አባባል ከመገልበጥ ነው። የተገለበጠው ግን በፈላስፎች ብራና ላይ ብቻ አይደለም፤ የተሰበረ በርና የተፈለቀቀ መሳቢያም አለበት።

ኖቬምበር 1762 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አራት የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኞች ለንደን ውስጥ ጆን ኤንቲክ የተባለ ጸሐፊ ቤት ገቡ። አራት ሰዓት ያህል በረበሩ፤ የተቆለፈውን ሁሉ ሰብረው ከፈቱ፣ ወረቀቶቹን አገላብጠው አነበቡ፣ የፈለጉትንም ይዘው ወጡ። ማዘዣ በእጃቸው ነበር፤ የፈረመው ሎርድ ሃሊፋክስ የተባለው ሚኒስትር ነው። ኤንቲክ ከሰሳቸው። በ1765 ጉዳዩን የወሰኑት ዳኛ ሎርድ ካምደን ኤንቲክን «እንዳትበረበር የሚከለክል ሕግ አለህ ወይ?» ብለው አልጠየቁም። የጠየቁት መልእክተኞቹን ነው፦ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ማዘዣ እንዲፈርም የሚፈቅድ ሕግ የታለ? መጻሕፍቱ ተገለጡ፣ አልተገኘም። የመንግሥት ወገን «ሲሠራበት የኖረ ልማድ ነው» አለ፤ «ለመንግሥት ደኅንነት የግድ ነው» ሲልም ጨመረ። ዳኛው ሁለቱንም አልተቀበሉም። ለኤንቲክ 300 ፓውንድ ካሳ ተፈረደለት።

የነገሩ ፍሬ ያለው በጥያቄው አቅጣጫ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ተፈጥሯዊ መብት» ሲባል የመልካም ነገሮች ዝርዝር ይታየዋል፦ ሕይወት፣ ነጻነት፣ ንብረት፣ ሐሳብን መግለጽ። ዝርዝሩ ስሕተት አይደለም፤ በሥራ ላይ ሲታይ ግን ተፈጥሯዊ መብት ከሁሉ በፊት የማስረዳት ሸክምን የሚያከፋፍል ደንብ ነው። ሰው ለመናገር፣ ለመንቀሳቀስ፣ በቤቱ ለመቀመጥ ፈቃድ ማሳየት የለበትም። መንግሥት ግን ሊያስቆመው፣ ሊበረብረው ወይም ሊያስረው ሲነሣ ፈቃዱን፣ ምክንያቱንና ልኩን ማሳየት አለበት። ይህ አቅጣጫ የተገለበጠበት አገር ሕገ መንግሥቱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን መብቶቹ ፈቃዶች ሆነዋል ማለት ነው።

ካምደን ሰዎች ወደ ማኅበር የገቡበት ዋና ምክንያት ንብረታቸውን ለማስጠበቅ እንደሆነ ሲናገሩ አሳቡ የማን እንደሆነ አድማጮቻቸው ያውቁ ነበር። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ በ1689 ባሳተመው የመንግሥት ትምህርቱ ሰው ከመንግሥት በፊት መብት ነበረው፤ መንግሥትን ያቆመው መብቱን አስረክቦ ሳይሆን ጠባቂ ቀጥሮ ነው ይላል። ከዚህ ተነሥቶ ሕግ አውጪው እንኳ የማያልፋቸውን አራት ወሰኖች አሰመረ። የሰውን ሕይወትና ሀብት እንዳሻው ማድረግ አይችልም፤ የሚገዛው በታወጀና በቋሚ ሕግ እንጂ በዕለት ትእዛዝ አይደለም፤ ያለ ባለቤቱ (ወይም ያለ እንደራሴዎቹ) ፈቃድ ንብረት አይወስድም፤ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑንም ለሌላ አሳልፎ አይሰጥም።

ከአራቱ በብዛት የሚጠቀሰው ሦስተኛው ነው። በብዛት የሚጣሰው ግን አራተኛው ይመስለኛል፣ ያውም ማንም ሳያስተውል። ፓርላማ ሁለት ገጽ አዋጅ ያወጣል፤ በመጨረሻው አንቀጽ «ዝርዝሩ በደንብና በመመሪያ ይወሰናል» ይላል። ከዚያ በኋላ የዜጋውን ቀን የሚያስመሸው፣ ሱቁን የሚያሽገው፣ ጉዞውን የሚያስቀረው አዋጁ አይደለም፤ መመሪያው ነው። መመሪያውን ደግሞ ማንም አልተከራከረበትም፤ አንዳንዴም ጨርሶ አልታተመም።

በሎክ ላይ የሚነሣ ትዝብት አለ፣ መሸፋፈንም አይገባም። ስለ ነጻነት የጻፈው ሰው ባሪያ ይነግድ በነበረው የሮያል አፍሪካ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ ነበረው። በ1776 «ሰዎች ሁሉ እኩል ተፈጥረዋል» የሚለውን የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ያረቀቀው ቶማስ ጀፈርሰንም ባሪያ አሳዳሪ ነበር። ይህ የሰዎቹን ኅሊና ያጋልጣል፤ መርሁን ግን አያፈርሰውም። እንዲያውም ባርነትን የተቃወሙት ሰዎች የጠቀሱት ያንኑ መግለጫ ነው።

ከትዝብቱ የሚከብደው የእንግሊዛዊው ፈላስፋ የጄረሚ ቤንታም ተቃውሞ ነው። ለእሱ መብት የሕግ ልጅ ነው፤ ከሕግ በፊት የነበረ መብት ማለት አባት ኖሮት የማያውቅ ልጅ እንደ ማለት ነው። በአንድ ነገር ልክ ነው፦ ችሎት፣ ማስፈጸሚያና ካሳ የሌለው መብት ለታሰረ ሰው እንጀራ አይሆንም። ነገር ግን መብት የሕግ ስጦታ ብቻ ከሆነ ሰጪው ሲፈልግ መልሶ ይወስደዋል። ይህ የመጽሐፍ ጭንቀት አይደለም፤ አንድ ትልቅ ፍርድ ቤት ውስጥ ቃል በቃል ተሞክሯል። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አስቀድሞ ግን አንድ የተለመደ ግራ መጋባት ይጥራ። የመንግሥት ወሰን ማለት ትንሽ መንግሥት ማለት አይደለም። ሆስፒታል የሚሠራ፣ ትምህርት የሚያስፋፋ፣ ግብር በሰፊው የሚሰበስብ መንግሥት ወሰኑን ጠብቆ ሊኖር ይችላል፤ ከፖሊስና ከወታደር በቀር ምንም የሌለው መንግሥትም ወሰኑን ጥሶ ሊያድር ይችላል። ጥያቄው ምን ያህል ይሠራል አይደለም፤ የሚሠራውን በምን ሥልጣን ይሠራል፣ ሲያጠፋስ ማን ያስቆመዋል ነው።

መብት የሚገደብ ነገር መሆኑንም ማመን ያስፈልጋል። ባለ መኪና እንዳሻው አይነዳም፤ የተላላፊ በሽታ ሕመምተኛ እንዳሻው አይዘዋወርም። ስለዚህ ዳኞች ባለፉት አሥርት ዓመታት ሲያበጁት የኖሩት መሣሪያ መብትን ከገደብ ሁሉ የሚያስጥል ሳይሆን ገደቡን የሚመዝን ነው፤ የተመጣጣኝነት መርህ ይባላል። መጀመሪያ በሩ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ገደቡ በሕግ ተጽፏል ወይ፣ ታትሟል ወይ፣ ሰው አንብቦ ምን እንደተከለከለ ሊያውቅበት ይችላል ወይ? ይህን ያላለፈ እዚያው ይወድቃል። ካለፈ አራት ጥያቄዎች ይከተሉታል። ዓላማው ተገቢ ነው? የተመረጠው እርምጃ ወደዚያ ዓላማ በእርግጥ ያደርሳል? ያንኑ ዓላማ መብትን ባነሰ መንካት የሚያሳካ ሌላ መንገድ የለም? በመጨረሻም የሚገኘው ጥቅም ከሚደርሰው ጉዳት ይበልጣል?

መሣሪያው ሲሠራ ማየት ከትርጓሜ ሁሉ ይሻላል። በጀርመን ባቫሪያ አንድ ፋርማሲስት በትራውንሮይት ከተማ መድኃኒት ቤት ለመክፈት አመለከተ። ትምህርቱም ልምዱም አላጠያየቀም። ተከለከለ፤ ምክንያቱ በከተማው ያለው መድኃኒት ቤት ለነዋሪው ይበቃል፣ ሌላ ቢጨመር አያዋጣም የሚል ነበር። የግዛቱ ሕግም ይህን ይፈቅድ ነበር። ጉዳዩ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደረሰና በጁን 1958 ተወሰነ።

የመንግሥት መከራከሪያ የሚናቅ አልነበረም፦ መድኃኒት ቤቶች ከበዙ ገበያ ይሻማሉ፤ ገበያ ያጣ ባለሱቅ ቁጥጥሩን ያላላል፣ መድኃኒት ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ጉዳቱ በሕዝብ ጤና ላይ ይመጣል። ፍርድ ቤቱ ዓላማውን ተቀበለ፤ የሕዝብ ጤና ከባድ ዓላማ ነው። የቆመው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ያለ ማዘዣ መሸጥ የሚያሰጋ ከሆነ ያለ ማዘዣ መሸጥን ተቆጣጠር፤ የመድኃኒት ምርትን፣ ሽያጭንና ማስታወቂያን ተቆጣጠር። ሰው ገና ሱቁን ሳይከፍት፣ ሊያጠፋ ይችላል ተብሎ ከሙያው በር ላይ አይመለስም። የግዛቱ ሕግ ተሻረ። ዳኞቹ የመክፈት ነጻነት ያለባቸውን አገሮች ልምድም ተመልክተው የተፈራው ጥፋት ይህን ያህል እንዳልታየ አስተውለዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ግን ስጋት በማስረጃ እንጂ በግምት አይቆምም የሚለው ደንብ የተተከለው እንዲህ ባለ ተራ ጉዳይ ነው።

መንግሥታት ሲከራከሩ ሁልጊዜ የሚወዱት የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። «ዓላማው ሰላም ነው»፣ «ዓላማው የሕዝብ ደኅንነት ነው» ይላሉ። ሰላምን የሚጠላ ማን አለ? ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ክርክሩም እዚያው ያልቃል። ጠንካራ ዳኛ የሚታወቀው «መልካም፤ ሌላ መንገድ ሞክራችኋል ወይ?» ብሎ ሲቀጥል ነው። ደካማው ችሎት ደግሞ «የጸጥታን ነገር አስፈጻሚው ያውቃል» ብሎ ሚዛኑን መልሶ ለተከሳሹ መንግሥት ያስረክባል።

ጨርሶ ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገርም አለ። ይኸው የጀርመን ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2006 አንድ ሕግ ሻረ፤ ሕጉ ተጠልፎ እንደ መሣሪያ ሊውል የተቃረበን የመንገደኞች አውሮፕላን ጦሩ መትቶ እንዲጥል የሚፈቅድ ነበር። ስሌቱ ቀላል ይመስላል፦ በአየር ያሉት ጥቂቶች ናቸው፣ ለማንኛውም ሊሞቱ ነው፤ በምድር ያሉት ብዙ ናቸው። ዳኞቹ ግን ምንም ያላጠፉ ተሳፋሪዎችን ሌሎችን ለማዳን እንደ ዕቃ መቁጠር ሰብአዊ ክብርን መንካት ነው፤ ክብር ደግሞ አይመዘንም አሉ። በውሳኔው የማይስማሙ አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሁሉ የሚመዘን ከሆነ ማሰቃየትም አንድ ቀን ሚዛን ይደፋል።

ይህ ሁሉ በደኅና ቀን ነው። ወሰኑ የሚፈተነው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፤ ሰፋ አድርጎ ማየት የሚገባውም ይህ ክፍል ነው።

የጀርመን የዋይማር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 48 ፕሬዚዳንቱ ጸጥታ ሲታወክ መሠረታዊ መብቶችን እንዲያግድ ይፈቅድ ነበር። የፓርላማው ሕንጻ በተቃጠለ ማግስት፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1933፣ ሰባት የመብት አንቀጾች በአንድ ድንጋጌ ታገዱ፤ የታገዱትም «እስከ ሌላ ትእዛዝ ድረስ» ነበር። ያ ሌላ ትእዛዝ አልመጣም፤ ድንጋጌው የናዚ መንግሥት እስከ ወደቀበት 1945 ድረስ ጸንቶ ኖረ። ቀን የሌለው አዋጅ አደጋው እዚህ ላይ ነው። ለማስቀጠል ማንም ምንም ማድረግ የለበትም፤ ለማስቆም ግን አንድ ሰው መድፈር አለበት።

ከዚያ በኋላ የተጻፉ ሕጎች ይህን ሊያርሙ ሞክረዋል። በ1966 ጸድቆ በ1976 ሥራ ላይ የዋለው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 4 አደጋው የአገርን ሕልውና የሚያሰጋ ሲሆን ብቻ፣ ያውም ሁኔታው በግድ የሚጠይቀውን ያህል ብቻ መብት እንዲታገድ ይፈቅዳል። አጋጁ መንግሥት የትኞቹን አንቀጾች ለምን እንዳገደ በተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በኩል ለሌሎቹ አባል አገሮች ማሳወቅ አለበት። በጦርነትም የማይታገዱ አሉ፦ በሕይወት የመኖር መብት፣ ከማሰቃየትና ከባርነት ነጻ መሆን፣ በውል ዕዳ ምክንያት አለመታሰር፣ ወደ ኋላ ተመልሶ በሚሠራ የወንጀል ሕግ አለመቀጣት፣ በሕግ ፊት እንደ ሰው መታወቅ፣ የኅሊናና የሃይማኖት ነጻነት።

ዝርዝሩን ያነበበ ሰው አንድ ክፍተት ያያል፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ (እስረኛው ፍርድ ቤት ቀርቦ የእስሩ ሕጋዊነት እንዲመረመርለት የሚጠየቅበት) በስም አልተጠቀሰም። ያለ እሱ ግን ሌሎቹ ባዶ ናቸው፤ የት እንዳለ የማይታወቅ እስረኛ እየተሰቃየ አለመሆኑን ማን ያያል? የቃል ኪዳኑ ኮሚቴ ይህን ክፍተት በ2001 ባወጣው ማብራሪያ ደፈነ፤ የእስሩን ሕጋዊነት ፍርድ ቤት ሳይዘገይ የመመርመር ሥልጣኑ በአስቸኳይ ጊዜም አይሸረሸርም አለ።

በዝርዝር አጻጻፍ ብልጫ ካላቸው አንዱ የ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ክፍል 37 ነው። አዋጁ በራሱ የሚቆየው 21 ቀን ብቻ ነው። ፓርላማው ሊያራዝመው ይችላል፣ በአንድ ጊዜ ግን ከሦስት ወር አያልፍም፤ የመጀመሪያው ማራዘሚያ በአብላጫ ድምፅ፣ ቀጣዮቹ ቢያንስ በ60 ከመቶ ድምፅ፣ ያውም ከአደባባይ ክርክር በኋላ። ብዙ ቦታ የማራዘሚያው ድምፅ በየጊዜው አንድ ዓይነት ስለሆነ መጨረሻው እንደ ልማድ እጅ ማውጣት ነው፤ እዚህ ግን አዋጁ በቆየ ቁጥር ደረጃው ይወጣል። በአዋጁ ምክንያት ያለ ክስ ለተያዘ ሰው ደግሞ ለቤተሰቡ ወይም ለወዳጁ ቶሎ ይነገራል፤ ስሙና የታሰረበት ቦታ በአምስት ቀን ውስጥ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል፤ ሐኪምና ጠበቃ ራሱ ይመርጣል፤ ከተያዘ ከአሥር ቀን ሳያልፍ ፍርድ ቤት እስሩን ይመረምራል። ጸጥታ ለመመለስ እስሩ የግድ መሆኑ ካልታየ ዳኛው ይፈታዋል።

አሁን ወደ ቤንታም ጥያቄ። በህንድ በጁን 1975 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና 21 ወር ቆየ። በሕይወት የመኖርና የነጻነት መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 21 በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅበት ታገደ። ያለ ክስ የታሰሩ ሰዎች አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ አቀረቡ፤ ዘጠኝ ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች አቤቱታው ይሰማል አሉ። መንግሥት ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወሰደው። እዚያም ከዳኞቹ አንዱ፣ ኤች አር ካና፣ የመንግሥቱን ዋና ጠበቃ ጠየቁ፦ ፖሊስ በግል ቂም ሰው ቢገድልስ፣ አቤት የሚባልበት ቦታ አለ? አዋጁ እስካለ ድረስ የለም የሚል መልስ ተሰጣቸው።

ኤፕሪል 28 ቀን 1976 አራት ዳኞች ከመንግሥት ጋር ቆሙ። መብቱ ከአንቀጽ 21 የመጣ ነው፤ አንቀጹ ከታገደ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ካና ብቻቸውን ተለዩ፦ ሕይወት የአንቀጽ 21 ስጦታ አይደለችም፤ አንቀጹ ባይጻፍም ኖሮ ሕግ የሚገዛው መንግሥት ያለ ሕግ ሥልጣን ሕይወት መንጠቅ አይችልም ነበር። የልዩነት ሐሳባቸው ዋጋ አስከፈላቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት በተራ የሚገባቸው የዋና ዳኝነት ወንበር ለሌላ ተሰጠና ሥራቸውን ለቀቁ። በ1978 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ አንቀጽ 21 በአስቸኳይ ጊዜም እንዳይታገድ ሆነ። በኦገስት 2017 ደግሞ ዘጠኝ ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት የግላዊነትን መብት ሲወስን የ1976ቱን ፍርድ በግልጽ ሻረው። ስሕተት ነበር ብለው ከጻፉት ዳኞች አንዱ ዲ ዋይ ቻንድራቹድ ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ የነበሩት አባታቸው ናቸው።

እንግዲህ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ሥራ ያለው እዚህ ነው። መብት ከተፈጥሮ ይሁን ከፈጣሪ ወይስ ከሰው ክብር ይመንጭ፣ ፈላስፎቹ ይከራከሩበት። ለዳኛው ትርጉሙ አንድ ነው፦ የተጻፈው አንቀጽ ቢታገድም መንግሥት ያልተሰጠውን ሥልጣን አያገኝም።

የዛሬው ፈተና ኢንተርኔት ነው። ድሮ አንድን ጋዜጣ ለመዝጋት ስሙን መጥራት ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ አንድ ደብዳቤ ለቴሌኮም ድርጅት ከተጻፈ ሚሊዮኖች በአንድ ሌሊት ይዘጋባቸዋል። በሚዛኑ ላይ ሲቀመጥ ብዙው የመዝጋት ትእዛዝ በሩን እንኳ አያልፍም፤ ትእዛዙ አልታተመም፣ ማን እንደፈረመው አይታወቅም። ያልታየ ትእዛዝ ደግሞ አይከሰስም፤ ጠበቃ የሚያያይዘው ወረቀት የለውም። በሩን ቢያልፍ ሦስተኛው ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ አመፅ የሚቀሰቅስ መልእክት ካለ መልእክቱን የላከውን መያዝ ሲቻል ባንኩን፣ ሐኪም ቤቱንና ተማሪውን አብሮ መዝጋት ምን የሚሉት ልክ ነው?

በኦገስት 2019 በጃሙና ካሽሚር ኢንተርኔት ተዘጋ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 10 ቀን 2020 በሰጠው ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ መዝጋት አይፈቀድም፣ ትእዛዞች ሁሉ ይታተሙ፣ በየሰባት የሥራ ቀኑ በኮሚቴ ይገምገሙ፣ ገደቡም ተመጣጣኝ ይሁን አለ። በወረቀት ላይ የሚጎድለው ነገር የለም። ይሁንና ፍርድ ቤቱ ራሱ መስመሩ እንዲከፈት አላዘዘም፤ ገምግሙ ብሎ ጉዳዩን መልሶ ለዘጋው አካል ሰጠ። ገምጋሚው ኮሚቴም የመንግሥት ሹማምንት የተሰበሰቡበት ነው። ዘገምተኛው መስመር በዚያው ወር በከፊል ተለቀቀ፤ ፈጣኑ የ4ጂ መስመር በመላው ግዛቱ የተመለሰው ግን በፌብሩዋሪ 2021 ነው፤ ከተዘጋ ከ18 ወር በኋላ፣ ፍርዱ ከተሰጠም 13 ወር ገደማ ቆይቶ።